ለትኋን የተተከለ ድንኳን

ሰሞኑን አንድ ጠዋት ከደረጃው ሥር የማውቀው ሽታ ሽቅብ መጣና አፍንጫዬን ያዘኝ። ነጭ ጋዝ አይደለም፣ በረኪናም አይደለም፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ይመስላል፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ግን የራሱን መልክ ያወጣል። በሬን ከፍቼ ብወጣ፣ አንዲት ልጅ እግር ሠራተኛ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ፓምፕ በጀርባዋ አዝላ፣ ከእኔ በታች ካሉት ተከራዮች ቤት ስትወጣ አገኘኋት። "እማማ፣ መድኃኒት እየረጨን ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ወደ ግቢ ወረድ ቢሉ ይሻልዎታል" አለችኝ በትሕትና። "የምን መድኃኒት ነው ልጄ?" አልኳት እያወቅኩ። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የጉንዳን" አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ከዕድሜዬ የሚበዛውን የኖርኩት በዚህ ሕንፃ ነው፤ የትኋን መድኃኒት ሽታ የሚጠፋኝ መስሏታል! በልጅቷ አልፈርድም፤ ተከራዮቹ "አደራ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ" ብለዋት ይሆናል። ስልኩ በየእጃችን ገባ፣ ከተማው ሰፍቶ ሰፍቶ ከከተማ ውጭ የነበረችው ቡሹሎ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ሰው ግን ዛሬም በትኋን ያፍራል።

በርጩማዬን ይዤ ወረድኩና ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሽታው ተከትሎኝ ወረደ። እኔም ደስ አለኝ፤ ስንት ዘመን ያላየሁት የድሮ ጎረቤት የመጣ ነው የመሰለኝ። ያኔ ሐዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት። ፎቅ የሚባል ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር የእኛ ሕንፃ ስም እንኳ አላስፈለገውም፤ "ፎቁ" ነው፣ በቃ። ከመናኸሪያ ወጥተው ለጋሪ ነጂው "ፎቁ ጋ" ካሉት፣ የትኛው ብሎ አይጠይቅም፤ ፈረሱን ሸንቆጥ አድርጎ ይነሣል። ጋሪው ስሙኒ ነው፤ ሻንጣ ካለዎት አሥር ሳንቲም ያስጨምራል። ከጋሪ የተረፈው መንገድ ሁሉ የብስክሌት ነው። አስተማሪው በብስክሌት፣ ነርሷ በብስክሌት፣ ዓሣ ሻጩም በሽቦ የተሰካ ቆሮሶ ዓሣውን መሪው ላይ አንጠልጥሎ በብስክሌት። ያን ያህል ዓሣ በሃምሳ ሳንቲም ይገዛ ነበር ስላቸው የልጅ ልጆቼ ተረት የምነግራቸው ይመስላቸዋል።

እኔና ባለቤቴ ጌታቸው ወደ ፎቁ የገባነው ገና ሙሽሮች ሳለን ነው። እሱ አስተማሪ፣ እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ሁለታችንም ደገኞች ስለነበርን የአዋሳ ሙቀት መጀመሪያ ላይ መድረሻ አሳጥቶን ነበር። እሱ ከታች የሰፋ ሱሪ ያደርጋል፣ እኔ ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስ ከባለታኮ ጫማ ጋር እለብሳለሁ። ልጆቼ የዚያን ጊዜውን ፎቶ ሲያዩ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ እኛ አምሮብን ነበር! ከፎቁ ሥር ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቴፑን ከፍቶ ሠፈሩን ያዘፍነዋል። ካሴቱ የተጠላለፈበት ጊዜ ደንበኛውን በግማሽ ጸጉሩ አስቀምጦ በእርሳስ ሲያጠነጥን ይቆያል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች ሳክስፎን በነፋስ እየተቆራረጠ ይመጣል። መሄጃ ገንዘቡ ባይኖረንም በረንዳችን ላይ ወጥተን እንጨፍርበት ነበር።

ትኋኑ መቼ እንደገባ የሚያውቅ የለም። ጊዜው ሰው ከአገር አገር የሚዘዋወርበት ነበር፤ አንዱ ለዘመቻ ይሄዳል፣ ሌላው በዝውውር ይመጣል፣ ለመናኸሪያውም ቅርብ ስለሆንን እንግዳ ከቤታችን አይጠፋም። ከሰው ሻንጣ ጋር ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? እኔ ያወቅኩት አንድ ጠዋት ክንዴ ላይ ተከታትለው ያበጡ ንክሻዎች ሳይ ነው። ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። የሽቦ አልጋችን ላይ የፈላ ውኃ ደፋንበት። በዶሮ ላባ ነጭ ጋዝ እየነከርን በየመጋጠሚያው ቀባን። የአልጋውን እግሮች ጋዝ ባለባቸው የሰርዲን ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምናቸው። ትኋን ግን የዋዛ አይደለም፤ ከታች መንገድ ሲዘጉበት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ የምናደርገው በር ዘግተን ነው። እንግዳ ሲመጣ ከጣውላ ወንበር በቀር አናስቀምጥም። ሰውነታችንን ስናክ ያየን ሰው ካለ "ይቺ የሐይቅ ትንኝ" እንላለን። ትንኝ ለአዋሳ ሰው የዋለችውን ውለታ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የስንቱን ቤት ገመና ሸፍናለች!

በር ለበር የምንጎራበተው ከእትዬ ዘምዘም ጋር ነበር። ባለቤቷ ጋሽ ሸምሱ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ቴትሮኑ፣ ካኪው፣ የአበባ ጉርዱ ሁሉ ከእሳቸው ዘንድ ነው የሚገዛው። ዘምዘም ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቤቷ ወለሉ ላይ ቢበሉበት የማይቆጭ፣ መጋረጃዋ ሁልጊዜ እንደታጠበ ነው። የበኩር ልጇ ሰሚራ ለቡታጅራ በርበሬ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ታጭታ ነበር። ሁለቱ ልጆች ተዋደው፣ ሽማግሌ መጥቶ፣ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው። የቀረው ከኒካው በፊት የልጁ እናትና አክስቶቹ መጥተው ሙሽራዋን አይተው፣ ጨርቃ ጨርቁን ሰጥተው፣ ከዘምዘም ቤት ጥቂት ቀን አድረው መመለሳቸው ነበር። እንዲህ ያለ እንግዳ ሆቴል አይላክም። ሆቴል ማሳደር ከደጅ ከመመለስ አይሻልም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ዘምዘም ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምነው እትዬ ዘምዘም? ምን ሆንሽ?"

"ታደለች፣ አንቺ እህቴ ነሽ፣ አልደብቅሽም" አለችኝ። "ቤቴ ትኋን ገብቷል። የልጄ አማቶች አንድ ሌሊት ያደሩ እንደሆነ ገላቸው ይመሰክርብኛል። ነገ 'ቆሻሻ ቤት ያደገች' ይሏታል ልጄን። ወላሂ፣ ኒካው ይቀራል።"

"እኔስ ቤት ያለ አይመስልሽም?" አልኳትና እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት።

ክንዴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ አቅፋኝ እያለቀሰች ሳቀች። ያን ያህል ጊዜ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ አንዳችን ከአንዳችን ስንደበቅ ነበር የኖርነው።

ጋሽ ሌዳሞን ያመጣነው ያኔ ነው። ሌዳሞ ድሮ ከወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ጋር ሲረጭ የኖረ፣ በኋላ ፓምፕ ገዝቶ ለራሱ የሚሠራ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ዛሬ ልጅቷ የምታደርገው ዓይነት ጭንብል ያኔ የለም፤ እሱ ሻሽ አፉ ላይ አስሮ፣ ፓምፑን አዝሎ፣ በብስክሌት ይመጣል። የተረጨ ቤት ውስጥ ቶሎ ስለማይገባ ዘምዘም ቤተሰቧን የት ታሳድር? እኔ እያለሁማ የትም አትሄድም! ፍራሽና ብርድ ልብሷን ይዛ እኔ ቤት ገባች። በሳምንቱ የእኔ ቤት ሲረጭ እኔ በተራዬ ፍራሼን ይዤ እሷ ቤት ገባሁ። የጎረቤት ወጉ ይኸው ነው፤ እኛም ወጉን አሳምረን አደረስን። ለጠየቀን ሁሉ "ቀለም ልናስቀባ ነው" አልን። ጥቂት ሰነበትንና ሁለታችንም እንደገና እናክ ጀመር።

ዘምዘም መድኃኒቱን ረገመች፣ ጌታቸው ሌዳሞን ጠረጠረ። ነገሩ የገባኝ አንድ ቅዳሜ ነው፣ ደረጃው ላይ። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ፍራሽ በሁለት ሰው ሸክም ይወርዳል፤ ከምድር ቤት ደግሞ ሌላ ፍራሽ ይወጣል። እኛ በር ላይ ሲደርሱ መተላለፊያ አጥተው ፍራሽ ለፍራሽ ተጋፉ። "ምነው በደህና ነው?" ብላቸው፣ የላይኛዋ "ቀለም ልናስቀባ ነው" አለች፤ የታችኛዋም "እኛም ቀለም ነው" አለች። ፎቁ በሙሉ ቀለም እየተቀባ ነው፣ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ግን በዓይኔ አላየሁም! ያኔ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ሁሉም በየተራው ይረጫል፣ ሁሉም በየተራው ጎረቤቱን ከነፍራሹ ያሳድራል። ትኋኑን ከተረጨ ቤት ወዳልተረጨ ቤት፣ ካልተረጨ ቤት ወደተረጨ ቤት ተሸክመን የምናመላልሰው እኛው ነን። ሌላ አገር ቢሆን ጎረቤት በሩን ይዘጋና ነገሩ ያበቃ ነበር፤ እኛ ግን አንድ ሰው ውጭ ከሚያድር እኛ በትኋን ብንበላ ይሻለናል። ለዘምዘም ስነግራት ጭንቅላቷን ይዛ "ያ አላህ! በእንግድነት ነው ያስተናገድናቸው!" አለች።

መፍትሔው ግልጽ ነበር። ሁሉም ቤት በአንድ ቀን መረጨት፣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን መውጣት፣ ማንም የማንንም ፍራሽ አለማስገባት። ለዚህ ግን ሰዉ ሁሉ "አለብኝ" ማለት አለበት፤ "አለብኝ" የሚል ደግሞ የለም። እንግዶቹ ሊመጡ ብዙ አልቀረም። ዘምዘም ከስታ ሻሿ ግንባሯ ላይ አልቆም ብሏል። ሰሚራ ያሳዝነኝ ነበር፤ እናቷ የምትጨነቀው በእሷ ምክንያት መሆኑን ስለምታውቅ ስለ ሠርጓ ማውራት ትታለች።

የፎቁ ዕድር ስብሰባ የወሩ መጨረሻ እሑድ ላይ ነበር። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ የሚባሉ፣ ካለ ኮትና ባርኔጣ ከቤት የማይወጡ፣ ሥነ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነበሩ። "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲሉ ብድግ አልኩ። ጌታቸው የምለውን ስላወቀ ቀሚሴን ጎተት አደረገኝ። እኔ ነገር ከተነሣ ማንም አያስቀምጠኝም።

"እኔ ቤት ትኋን አለ" አልኩ።

አንዱ አሳለ፣ አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ወይዘሮ ታደለች፣ ይህ እኮ የዕድር ስብሰባ ነው" አሉ አቶ ተሰማ።

"አውቃለሁ ጋሽ ተሰማ። የተነሣሁት የዕድሩን ድንኳን ልጠይቅ ነው። በአንድ ቀን ሁላችንም ወጥተን ድንኳን ውስጥ ካልዋልንና ካላደርን ትኋኑ አይለቀንም።"

"የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው ለሞት ነው!"

"እኛም እኮ ልንገድል ነው፣ ጋሽ ተሰማ።"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ የሦስተኛ ፎቋ ሴት እጇን አወጣች፤ "እኔም ጋ አለ" አለች። "አንቺ ቀለም ልታስቀቢ አልነበር?" አንዱ ሲላት ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እጅ በእጅ ላይ ወጣ። በመጨረሻ አቶ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እንግዲህ በእኔም ቤት... ጥቂት... ታይቷል" አሉ። ጥቂት! ሚስታቸው በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ዘምዘም ብቻ እጇን አላወጣችም። ስብሰባው ሲያበቃ ግን ሰው ሳይበተን ቆመችና "እኔም አብሬ እወጣለሁ" አለች። "አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ቃሉን ማንም በውጭ ሰው ፊት አይጥራብኝ። ለጠየቀ ሁሉ ጽዳት ነው በሉልኝ። የቡታጅራ ነጋዴ በመናኸሪያው ሲመላለስ ነው የሚውለው፤ ወሬው ለሰሚራ አማቶች የደረሰ ቀን የልጄ ነገር አበቃ።" ሁሉም ምንድነው ነገሩ ሳይል ቃል ገባ። የሰሚራን ነገር የማያውቅ አልነበረምና አቶ ተሰማ ራሳቸው "ከዚህ ግቢ ቃል ቢወጣ እኔን አያድርገኝ" ብለው ማሉ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሠራተኛዋ ፓምፗን ይዛ ወደ ግቢው ወረደች። "ጨረስኩ እማማ" አለችኝ። "የእኔንስ?" አልኳት። "የእርስዎ አልታዘዝኩም።" "እኔ አዝዤሻለሁ። ከዚያ ጎን ያሉትንም በር አንኳኪ፤ እምቢ ካሉሽ እኔን ጥሪኝ።" ቀና ብዬ ወደ በረንዳዎቹ አየሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ትኋን ነው! የአንድ ቤት ብቻ ቢረጭ በግድግዳው አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በራችሁን ክፈቱ!" አልኩ። አንድ መጋረጃ ተነቃነቀ። ከዚያ የተከራዮቹ ወጣት ሚስት ብቅ አለች፤ ፊቷ ቢቀላም "እውነታቸውን ነው" አለች። ልጅቷ ፓምፗን እንደገና ልትሞላ ሄደች፣ እኔም ወደ ትዝታዬ ተመለስኩ።

የቀጠሮው ቀን ድንኳኑ ግቢው በር አጠገብ ተተከለ። ሌላ ሰፊ ቦታ ስላልነበረ ነው፤ ከመናኸሪያ የሚወጣው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። በርሜል ተጣደ፣ አንሶላው ብርድ ልብሱ ሁሉ ተቀቀለ፤ ፍራሹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ስፌት ስፌቱ ተፈተሸ። አቶ ተሰማ ኮታቸውን ሳያወልቁ ማገዶ ያቀብሉ ነበር። ጋሽ ሌዳሞ ከላይኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ታች እየረጨ ወረደ፤ ደረጃው፣ የበሩ መቃን፣ የመብራቱ ሳጥን፣ ምንም አልቀረው። ሲጨርስ በረንዳው ላይ ቆሞ "ስሙ! እኔ ነገ ሳልመጣ በር የሚከፍት ሰው ካለ ከትኋን አንድ ነው፤ እረጨዋለሁ!" ብሎ ጮኸ። የማይሰማው ሰው አልነበረም።

ያልጠበቅነው ለቀስተኛውን ነው። ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የአዋሳ ሰው የለም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ፣ ደረታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው በለሆሳስ "ማን ናቸው?" ይላሉ። "ማንም አልሞተም፣ ጽዳት ነው" እንላለን። "ለጽዳት ድንኳን?" ይላሉ። ምን ይመለሳል? ዳቦና ሻይ እንሰጣቸዋለን፤ እነሱም ነገሩ ሳይገባቸው "እግዜር ያጽናችሁ" ብለውን ይሄዳሉ። ጸጉር አስተካካዩ እንኳ ሱቁ ከእኛ ሥር ሆኖ፣ ለሰዉ ይሉኝታ ብሎ ሁለት ቀን ቴፑን ዘጋ። ያን ከሰዓት የቡታጅራው አውቶቡስ በበራችን አለፈ። አውቶቡሱ ውስጥ የሙሽራው አጎት ጋሽ ከድር ተቀምጠው ነበር። ድንኳኑን አዩ፤ ጋሽ ሸምሱን ከሥሩ ጋቢ ለብሰው፣ በወንዶች ተከበው አዩ። ከጋሽ ሸምሱ ቤት ሰው የሞተ መሰላቸው፤ ለመውረድ ስላልቻሉ እያዘኑ ሄዱ። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የሰማነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ጋሽ ሌዳሞ መጥቶ መስኮቶቹን አስከፍቶ፣ ቧንቧው ሥር ፓምፑን እያጠበ ነበር። እኛ ሴቶቹ የደረቀውን ልብስ እናጣጥፋለን። ሁለት ጋሪ ተከታትሎ በሩ ላይ ቆመና ጥቁር በጥቁር የለበሱ ሴቶች "ወይኔ! ወይኔ!" እያሉ ወረዱ። ከኋላቸው ጋሽ ከድር አንድ ኩንታል ስኳር አሸክመው ይመጣሉ፤ ለለቅሶ ቤት መሆኑ ነው። ዘምዘም ስታያቸው በእጇ የያዘችው አንሶላ ወደቀ። የልጁ እናት ወይዘሮ ረውዳ ናቸው፣ ከነእህቶቻቸው። በሳምንቱ በደስታ ሊመጡ የተቀጠሩት ሰዎች በልቅሶ ቀድመው መጡ።

ወይዘሮ ረውዳ ረጅም፣ ግርማ ያላቸው ሴት ነበሩ። ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ሸምሱን ነው፤ ደህና ናቸው። "አልሀምዱሊላህ" አሉና ዓይናቸውን አዞሩ። ሰሚራን አዩአት። እየሮጡ ሄደው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው "አለሽ! ልጄ አለሽ!" አሏት፤ እንባቸው ወረደ። እኔ እዚያ ላይ ነው እኝህን ሴት የወደድኳቸው። ከዚያ ቀና ብለው ሁላችንንም አዩንና "ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አሉ።

ያ ሁሉ ሰው ላለመናገር ቃል ገብቷል። አቶ ተሰማ የድንኳኑን ጣሪያ ያያሉ። የሦስተኛ ፎቋ ሴት አንድ ፎጣ ደጋግማ ታጥፋለች። "ጽዳት ነው" ማለት ለመንገደኛ ያስኬዳል፤ ከቡታጅራ ድረስ ጥቁር ለብሶ ለመጣ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል? እኔ አፌ ላይ ውሸት ደርሶ ነበር፤ አንዲት ዘመድ የሌላቸው አሮጊት ከላይኛው ፎቅ ልገድል አስቤያለሁ። ዘምዘም እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። አልፋኝም ወደ ወይዘሮ ረውዳ ፊት ወጣች።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ ረውዳ" አለች። "ቤቴ ትኋን ገብቶ ነበር። የእኔም የጎረቤቶቼም። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ላጠፋው ብዬ ነው ድንኳን ውስጥ ያደርኩት። ለሰው እንዳይነግሩብኝ ጎረቤቶቼን ያስማልኩም እኔ ነኝ። ልጄ ግን በንጽሕና ነው ያደገች፤ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። እንግዲህ የመሰለዎትን ይፍረዱ።"

ሰሚራ ወደ እናቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች። አክስቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ከድር ስኳሩ አጠገብ እንደቆሙ ቀሩ። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ወይዘሮ ረውዳ ሻሻቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

"መድኃኒቱን የረጨው ሰው ሄዷል?" አሉ።

"የለም፤ ያውና እዚያ" አለች ዘምዘም ግራ ገብቷት። ጋሽ ሌዳሞ ከቧንቧው ሥር ቀና አለ።

"እሰይ! ዘምዘም፣ እኔ እኮ እንደው አንዱን ይዤብሽ ብገባ የልጄ ኒካ ይቀርብኛል ብዬ ልብስ ስቀቅል ነው የከረምኩት። እነዚህም" አሉ ወደ እህቶቻቸው እያሳዩ፣ "የእያንዳንዳቸው ሻንጣ ተፈትሾ ነው አውቶቡስ ላይ የወጣው። የእኛ ቤት ከአንቺ የባሰ ነው፣ ወላሂ የባሰ ነው! የመርዶው ወሬ ሲደርሰን እንኳ አልቅሼ ሳልጨርስ 'ፍራሹን አራግፉት' ነበር ያልኩት።"

አክስቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳቅ መሆኑን ያወቅነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። አቶ ተሰማ ከሁላችንም ቀድመው ፈነዱ። ዘምዘም ግን አልሳቀችም። እንደ ሕፃን ሆና ወይዘሮ ረውዳ ትከሻ ላይ አለቀሰች፤ እሳቸውም "በቃ፣ በቃ እህቴ" እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። የለቅሶው ስኳር ለሻይ ተፈታ፤ ጸጉር አስተካካዩም ወጥቶ የሞተ ሰው አለመኖሩን ካጣራ በኋላ ቴፑን ከፈተው። እንግዶቹ ዘምዘም ቤት አደሩ። ጠዋት የሁላቸውንም ክንድ እየገለጥኩ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ምንም አልነበረም።

ሲመለሱ ልንሸኛቸው መናኸሪያ ድረስ ሄድን። ጋሽ ሌዳሞም ሄደ፤ ብስክሌቱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ ፓምፑ ጭኑ ላይ ሆኖ፣ ከወይዘሮ ረውዳ ጎን ተቀምጦ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወይዘሮ ረውዳ በመስኮት እስከ ትከሻቸው ወጡና ጫኙም፣ ነጋዴውም፣ መንገደኛውም እየሰማ "ዘምዘም! ልጅቷን አዘጋጂ! እኔም ትኋኔን አጥፍቼ እጠብቃታለሁ!" ብለው ጮኹ። ዘምዘም መናኸሪያው መካከል ቆማ እልል አለች።